ሆዱ ለታወከ ውሻ ምግብ ስለ መለወጥ
(በሬድዮ የተነገረ ንግግር)



ዛሬ ልናገርበት የተነሣሁት ጉዳይ በሬድዮ ለመነገር የማይበቃ መስሎ የሚታየው ሰው ይኖር ይሆናል። ነገሩ ስለ ውሻ ሆድ ነውና። ባለፈው ሳምንት ይህንኑ ርእስ ለአንድ የሥራ ባልደረባዬ ባነሣለት ሣቀና «የሰው ሆድ ጉዳይ አልቆ ወደ ውሻው ተሻገርህ?» አለኝ። መልስ አልሰጠሁትም። ጥቂት ቈይቶ ግን ከቢሮ ስንወጣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለመሆኑ የእኔ ውሻ አዲሱን ምግብ ከጀመረ ወዲህ ግቢውን ሁሉ አበላሸው፤ ምን ላድርገው?» ሲል ጠየቀኝ። ከዚህም የተነሣ ጉዳዩ በየግቢያችን ያለ፣ ነገር ግን አፍ አውጥተን ለመነጋገር የምናፍርበት መሆኑን ተረዳሁ።

እኔ የእንስሳት ሐኪም አይደለሁም፤ የመሥሪያ ቤት ሰው ነኝ። በዚህ ነገር የማውቀውን ያህል ያወቅሁት በአንድ ውሻ ላይ ጉዳት ካደረስሁና በዚያው ምክንያት አንድ ሽማግሌ ያለ አግባብ ከወቀስሁ በኋላ ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። እናቴ በደብረ ብርሃን ትኖር ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ባረፈች ጊዜ ቤቱ ሲዘጋ፣ ዕቃው ሲከፋፈል፣ መከታ የሚባለው ውሻዋ ብቻ ወሳጅ አጣ። ዕድሜው ስምንት ዓመት ያህል የሆነ፣ ቀለሙ ቡላ፣ ዘሩ እንዲህ ነው ተብሎ የማይጠራ የአገራችን ውሻ ነው። እኅቴ ግቢ የሌለው ቤት የምትኖር በመሆኗ ልትወስደው አልቻለችም፤ ስለዚህ እኔ ወደ አዲስ አበባ አመጣሁት። እውነቱን ለመናገር ውሻውን የፈለግሁት ለጥበቃ አልነበረም። ከእናቴ ቤት ሕይወት ያለው ነገር የቀረው እርሱ ብቻ ስለ ነበረ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት እህል ሳይቀምስ ዋለ፣ አደረ። በሦስተኛው ቀን ከሱቅ ከውጭ አገር የመጣ ደረቅ የውሻ ምግብ በከረጢት ገዛሁለት። ዋጋው ቀላል አልነበረም፤ እንዲያውም በውድነቱ ጥቂት ኩራት ተሰምቶኝ ነበር። የእናቴ ውሻ ከእንግዲህ ወዲህ ትርፍራፊ አይበላም፤ ለእርሱ ተብሎ የተዘጋጀ የተሟላ ምግብ ይበላል ብዬ ሳሕኑን እስከ አፉ ሞላሁለት። እርሱም የሁለት ቀን ረኃብተኛ ነበርና ጠርጎ በላው። ማታም ደገምሁለት። በማግሥቱ ሌሊት ተቅማጥ ያዘው። ከዚያም የበላውን ሁሉ ያስመልስ ጀመር። ዓይኑ ጐደጐደ፤ በስሙ ስጠራው ጅራቱን እንኳ አልነቀነቀም።

ታዲያ እኔ ምን አደረግሁ? ወደ ከረጢቱ አልተመለከትሁም። የተመለከትሁት ወደ ዘበኛችን ነው። እኒህ ሰው በዕድሜ ከእኔ እጅግ የሚበልጡ፣ ብዙ የማይናገሩ ሽማግሌ ናቸው። ከሥጋ ቤት የተጣለ ነገር ወይም ያደረ ወጥ አቅምሰውት ይሆናል ብዬ ገመትሁ። ግምቴንም ሳላጣራ፣ ጎረቤት በሚሰማበት ድምፅ «አባባ፣ ለዚህ ውሻ ምን አበሉት?» ስል ጠየቅኋቸው።

«ጌታው፣ እኔ ያበላሁት ነገር የለም» አሉኝ። «የለመደውን እንጀራ የከለከሉት እርስዎ ነዎት።»

ይህ መልስ ድፍረት መስሎ ታየኝ። ተቈጥቼ ወደ ቤት ገባሁ።

በዚያው ምሽት እኅቴ ስለ ሌላ ጉዳይ ደወለችልኝ፤ በመካከሉ የመከታን መታመም ነገርኋት። ጥቂት ዝም ካለች በኋላ «እማማ ምን ታበላው እንደ ነበር ጠይቀኸኛል?» አለችኝ። አልጠየቅኋትም ነበር። ለካ እናቴ ለመከታ ወጥ ሰጥታው አታውቅም። ቡችላ ሳለ ሆዱ በየጊዜው እየታወከ ስላስቸገራት፣ አጥንት በትንሽ ድስት ለብቻው ያለ ሽንኩርት፣ ያለ በርበሬ፣ ያለ ጨው ቀቅላ፣ የተረፈ እንጀራ በመረቁ እያራሰች በቀን ሁለት ጊዜ ትሰጠው ኖሯል። አጥንቱን ግን አውጥታ ትጥለዋለች። እኔ በየበዓሉ እዚያ ቤት እየተመላለስሁ ያን ትንሽ ድስት ከምድጃው ዳር ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ለምን እንደ ሆነ ግን አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም።

ሲነጋ መከታን ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰድሁት። ሐኪሙ መድኃኒት ከማንሣታቸው በፊት መጠየቅ ጀመሩ። ቀድሞ ምን ይበላ ነበር? አዲሱን የጀመረው መቼ ነው? ምን ያህል ሰጡት? ሰገራው ደም አለበት ወይ? ውኃ ይጠጣል ወይ? የትል መድኃኒት የወሰደው መቼ ነው? ክትባቱስ? ከሰባቱ ጥያቄዎች ሦስቱን መመለስ አልቻልሁም። ከዚያም የማጅራቱን ቆዳ በጣታቸው ወደ ላይ ሳብ አድርገው ለቀቁት፤ ቆዳው ቶሎ ወደ ቦታው አልተመለሰም። ይህ ከሰውነቱ ውኃ መጕደሉን የሚያሳይ ምልክት ነው። ድዱንም ገልጠው አዩ፤ እርጥብ መሆን ሲገባው ይጣበቃል። ሰገራውን በማጉሊያ መሣሪያ መርምረው ትል አለማግኘታቸውን ከነገሩኝ በኋላ ከቆዳው ሥር ፈሳሽ በመርፌ ሰጡት። በመጨረሻም እንዲህ አሉኝ፦ «በአንድ ሳምንት ውስጥ እመቤቱም፣ ቤቱም፣ ምግቡም ተለወጠበት። ከሦስቱ በእጅዎ የነበረው ምግቡ ብቻ ነበር።»

አድማጮች ሆይ፤ በከረጢቱ ላይ የተሟላ ነው ተብሎ የተጻፈበት መልካም ምግብ እንዴት እንደሚያሳምም እኔም እንደ እናንተ ግር ብሎኝ ነበር። ነገሩ ግን ሲገለጥ ቀላል ነው። በውሻ አንጀት ውስጥ፣ በእኛም እንደዚሁ፣ በዓይን የማይታዩ እጅግ ብዙ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። አብዛኞቹ ጠላቶች አይደሉም፤ ምግቡን በመፍጨት የሚያግዙ የቤት ሠራተኞች ናቸው። እያንዳንዱ ወገን የሚስማማው ምግብ አለው፤ ለዓመታት የሚወርድላቸው ምግብ አንድ ዓይነት ከሆነ ያንን የሚወዱት ይበዛሉ፣ ሌሎቹ ያንሳሉ። እንደዚሁም ቆሽት የሚባለው የሰውነት ክፍል ስብን፣ ሥጋንና ስታርችን የሚያሟሙ ኢንዛይሞች ያመነጫል፤ የየአንዳንዳቸውን መጠን ከሚመጣው ምግብ ጋራ ማስተካከል ይችላል፤ ነገር ግን ማስተካከያው ቀናት ይፈልጋል። እንግዲህ አንድ መሥሪያ ቤት በአንድ ጧት ሥራው ሁሉ ተለውጦ፣ ሠራተኞቹ ግን እነዚያው፣ ያውም ሳይነገራቸው፣ እንደ ቀሩ አስቡት። ፋይሉ ይቈለላል እንጂ አይፈጸምም። በአንጀትም ውስጥ ሳይፈጭ ያለፈው ምግብ ተቈልሎ ይቦካል፤ ውኃ ከሰውነት ወደ ራሱ ይስባል፤ ተቅማጥ የምንለው ይህ ነው።

በእኔ ላይ ደግሞ ሌላ ጥፋት ተጨመረ። ደረቅ የውሻ ምግብ ከመቶው ዐሥር እጅ ያህል ብቻ ውኃ አለው። እንጀራ ግን ከግማሽ በላይ ውኃ ነው፤ በመረቅ ሲርስማ የበለጠ። ስለዚህ እኔ በእንጀራው ሳሕን ልክ ደረቁን ምግብ ስሞላለት ለውሻው የሰጠሁት ቀድሞ ከሚያገኘው የሚበልጥ ነበር። መጠኑ በከረጢቱ ጀርባ ላይ በውሻው ክብደት ልክ ተጽፎ ይገኛል። ደብዳቤ ሁሉ እስከ ግርጌው ሳላነብ የማልፈርም ሰው ያን ጽሑፍ አላነበብሁትም።

እዚህ ላይ አንድ ክርክር መነሣቱ አይቀርም። «ውሻ ሥጋ በል አውሬ ነው፤ እንጀራ ምን ይሠራለታል?» የሚሉ አሉ። በ2013 እ.ኤ.አ. በስዊድን አገር የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት፣ ውሻ ከተኵላ ተለይቶ ከሰው ጋራ መኖር ከጀመረ ወዲህ ስታርችን የመፍጨት ችሎታው መጨመሩን ከዘሩ ቅንጣት መርምረው አሳይተዋል። ስታርችን የሚያሟማውን ኢንዛይም የሚያዝዘው የዘር ቅንጣት በተኵላ ሁለት ብቻ ሲሆን በውሻ ግን ተባዝቶ ይገኛል። ከእኛ ማዕድ ሥር እየበላ በሺህ ለሚቈጠሩ ዓመታት ኖሯልና ሆዱም ከእኛ ጋራ ተለወጠ ማለት ነው። ስለዚህ የእናቴ እንጀራ ስሕተት አልነበረም። ነገር ግን እንጀራ በመረቅ ብቻውን የሚበቃ ምግብም አይደለም፤ ውሻ የሚያስፈልገውን ሥጋ፣ ስብና ካልሲየም በበቂ መጠን አያገኝበትም። የታሸገውም ምግብ ቢሆን ከሰማይ የወረደ አይደለም። ጄምስ ስፕራት የሚባል አሜሪካዊ በ1860ዎቹ እ.ኤ.አ. ገደማ በለንደን ከተማ ከስንዴ፣ ከአትክልትና ከሥጋ የተጋገረ የውሻ ብስኵት መሸጥ እስኪጀምር ድረስ በዓለም ያለ አብዛኛው ውሻ የሚበላው ከጌታው የተረፈውን ነበር።

ወደ መከታ ልመለስ። ሐኪሙ ያዘዙት ነገር ከሁሉ አስቀድሞ የታወከውን ሆድ ማሳረፍ ነበር። ቀድሞ ጊዜ «አንድ ቀን ሙሉ ይጹም» ይባል ነበር፤ ዛሬ ግን ብዙ የእንስሳት ሐኪሞች ትውከቱ ጋብ እንዳለ ቀላል ምግብ በጥቂት በጥቂቱ መስጠትን ይመርጣሉ፤ አንጀቱም ራሱን የሚያድሰው ምግብ ሲያገኝ ነውና። ቡችላ ሲሆን ማስራብ ፈጽሞ አይገባም፤ በሰውነቱ ያጠራቀመው ኃይል አነስተኛ ስለ ሆነ ቶሎ ይደክማል። ቀላል ምግብ የሚባለው ቆዳውና አጥንቱ የወጣለት፣ በውኃ ብቻ የተቀቀለ የዶሮ ሥጋ አንድ እጅ፣ በደንብ የበሰለ ነጭ ሩዝ ሁለት እጅ ነው። ጨው የለ፣ ቅቤ የለ፣ ቅመም የለ። ይህን በቀን አራት ጊዜ፣ እያንዳንዱን ጊዜ በእፍኝ ያህል ብቻ። ዶሮ የማይስማማው ከሆነ የተቀቀለ ዕንቁላል ወይም ስቡ የወጣለት የበሬ ሥጋ ይተካዋል። ንጹሕ ውኃ ሁልጊዜ በአጠገቡ ይኑር። ሰገራው በሁለት ወይም በሦስት ቀን መጠጠር ሲጀምር የመለወጡ ሥራ ይከተላል። ይህ ሆድ ማሳረፊያ እንጂ የዘወትር ቀለብ አለመሆኑን አትርሱ፤ ለወራት ቢቀጥል ብዙ ነገር ይጐድለዋል።

ለጤናማ ውሻ አዲሱ ምግብ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ሩቡን፣ በሚቀጥሉት ሁለት ቀናት ግማሹን፣ ከዚያም ሦስት ሩቡን እንዲይዝ እየተደረገ፣ በሰባት እስከ ዐሥር ቀን ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይተካል። ሆዱ ስስ ለሆነው ግን ይህ ራሱ ጥድፊያ ነው። ለመከታ የታዘዘለት ከዐሥር አንድ እጅ ጀምሮ፣ በየሦስት ቀኑ አንድ እጅ እየጨመሩ መሄድ ነበር፤ ስታሰሉት አንድ ወር ገደማ ይሆናል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። ሰገራው በመካከል ቢላላ አዲሱን ምግብ ጨርሶ መተው አያስፈልግም፤ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ተመልሶ ሦስት አራት ቀን መቈየት ነው። በዚህም ወር ውስጥ ሌላ ነገር አይለወጥም። ብስኵት አይሰጠውም፤ ልጆች ከማዕድ አይወረውሩለትም፤ ሁለተኛ ዓይነት ከረጢት አይገዛለትም። አንድ ነገር ብቻ ሲለወጥ ነው የትኛው እንደ ጐዳና የትኛው እንደ ጠቀመ የሚታወቀው። ብዙዎቻችን ግን ውሻው በታመመ በሁለተኛው ቀን ሌላ ምግብ፣ በአራተኛው ቀን ሦስተኛ ምግብ እንሰጠዋለን፤ ከዚያም «ይህ ውሻ ምንም አይስማማውም» ብለን እንፈርዳለን። ሆዱ እኮ አንዱንም ለመልመድ ዕድል አላገኘም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው።

እንዲህም ተደርጎ ለብዙ ሳምንት ካልተሻለው፣ ወይም ከሆዱ ሌላ ቆዳውን ሲያክና ጆሮው ሲያቃጥለው የሚኖር ከሆነ፣ አንድ የተወሰነ ምግብ የሚቈጣው ሰውነት ሊሆን ይችላል። በውሾች ላይ ይህን በብዛት ሲያመጡ የተገኙት የበሬ ሥጋ፣ ወተትና የወተት ተዋጽኦ፣ ዶሮና ስንዴ ናቸው። ማጣሪያው በሐኪም መሪነት ቀድሞ ቀምሶት የማያውቀውን አንድ ዓይነት ሥጋና አንድ ዓይነት እህል ብቻ ለስምንት ሳምንት መመገብ፣ ከዚያም የቀድሞውን መልሶ በማቅመስ ማየት ነው።

ስለ ወጥ ደግሞ ሳልናገር ባልፍ ከሁሉ የሚበልጠውን መዝለል ይሆንብኛል። ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ ጥሬም ሆነ የበሰለ፣ የውሻንና የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ የሚያፈርስ ነገር በውስጣቸው አለ። የእኛ ወጥ ደግሞ መሠረቱ ሽንኩርት ነው። ሽሮውም፣ ምስሩም፣ ቀዩም፣ አልጫውም በሽንኩርት ይጀመራል። አንድ ጕርሻ አይገድል ይሆናል፤ በየቀኑ የሚጠራቀመው ግን ደሙን እያሳሳ ያደክመዋል፤ እኛም «አረጀ» እንላለን። በርበሬውና ቅባቱ አንጀቱን መቈጣታቸው ሳይቈጠር ነው። ወይንና ዘቢብ የውሻን ኵላሊት ይጐዳሉ፤ ቸኮላታ ልቡን ይመታል፤ በስኳር ምትክ ማስቲካና ከረሜላ ውስጥ የሚገባው ዛይሊቶል የሚባለው ነገርም በጥቂቱ እንኳ ለውሻ መርዝ ነው።

በፋሲካ ማግሥትስ? ሁለት ወር ለሚጠጋ ጊዜ የቤቱን ጾም አብሮ የጾመ ውሻ በአንድ ሌሊት የዶሮ አጥንት፣ የበግ ስብና አንጀት ሲጣልለት ያድራል። የበሰለ አጥንት እንደ እሾህ እየተሰነጠቀ አንጀት ይወጋል። ድንገተኛ የስብ ብዛት ቆሽትን ሊያስቈጣ ይችላል፤ ይህም እጅግ የሚያሠቃይ፣ አንዳንድ ጊዜም የሚገድል በሽታ ነው። ከዚህም የከፋው ከታረደው በግ ላይ ውኃ የቋጠረ ጉበት ወይም ሳንባ ሲገኝ «ለሰው አይሆንም» ብለን ለውሻ የምንወረውረው ነው። ያ ውኃ የቋጠረ ከረጢት የትል እጭ ነው። በውሻው አንጀት ውስጥ ትል ይሆናል፤ ዕንቁላሉ ከሰገራው ጋራ ይወጣል፤ ከእጅ፣ ከአትክልትና ከመጠጥ ውኃ ጋራ ወደ ሰው ይገባል፤ በሰው ጉበትና ሳንባ ውስጥም ያው ከረጢት በቅሎ ለዓመታት ሳይታወቅ ያድጋል። ብዙ ጊዜም በቀዶ ጥገና ካልሆነ አይወጣም። እንደዚህ ያለውን ጉበት ማቃጠል ወይም ውሻ ቈፍሮ እንዳያወጣው አድርጎ በጥልቅ መቅበር ነው።

ድመት ያላችሁ አድማጮች እስካሁን የተናገርሁትን በሙሉ ለድመታችሁ እንዳታደርጉት አደራ እላለሁ። ድመት እንደ ውሻ ከእኛ ማዕድ ጋራ አልተለወጠችም፤ ያለ ሥጋ መኖር የማትችል ፍጥረት ናት። ታውሪን የሚባለውን ነገር ውሻ በሰውነቱ ሲሠራው፣ ድመት ግን የሚበቃትን ያህል መሥራት ስለማትችል ከሥጋ ማግኘት አለባት። በ1987 እ.ኤ.አ. በካሊፎርንያ ፖል ፒዮን የሚባሉ የእንስሳት ሐኪምና የሥራ ባልደረቦቻቸው ብዙ ድመቶችን ይገድል የነበረ የልብ መድከም የሚመጣው ከታውሪን መጕደል መሆኑን አረጋገጡ፤ ከዚያ ወዲህ የድመት ምግብ አዘጋጆች መጠኑን ጨመሩ። እንጀራ ብቻ የምትበላ ድመት ብትወፍርም ጤነኛ ናት ማለት አይደለም። ደግሞም «ስትራብ ትበላዋለች» ብሎ አዲስ ምግብ አቅርቦ መጠበቅ በድመት ላይ አይሠራም። ሁለት ሦስት ቀን እህል ያልቀመሰች ድመት፣ ይልቁንም ወፍራም ከሆነች፣ ስቡ በጉበቷ ላይ ተከማችቶ ሊገድላት ይችላል።

ምግብ ብቻ ነው ብለን የማንቈይባቸው ምልክቶችም አሉ። ሰገራው ወይም ትውከቱ ደም ካለበት፣ የጠጣውን ውኃ እንኳ ከመለሰ፣ ድዱ ከነጣ፣ ሆዱ ከተነፋ፣ መቆም ካቃተው፣ ወይም ተቅማጡ ከሁለት ቀን ካለፈ ሐኪም ዘንድ መሄድ ይገባል። ያልተከተበ ቡችላ ደም ያለበት ተቅማጥ ሲይዘው ደግሞ ፓርቮ የሚባለው ቫይረስ ሊሆን ስለሚችል አንድ ሰዓት መዘግየት አያስፈልግም። ከቤት መድኃኒት ሣጥን የሰው ኪኒን አውጥቶ መስጠትም አደጋ ነው። አይቡፕሮፌን የውሻን ጨጓራ ያቈስላል፣ ኵላሊቱን ይጐዳል፤ ፓራሲታሞል ድመትን ይገድላል።

ስለ ዶሮው አንድ ነገር ይቀረኛል። መከታ ሩዝና ዶሮ መብላት በጀመረ በሁለተኛው ቀን፣ ሳሕኑን ሳቀርብ ዘበኛው ቆመው ያዩ ነበር። ቂም በሌለው ድምፅ «በዚህ ሳምንት እርሱ ዶሮ የበላውን ያህል እኔ በዓመት አልበላሁም» አሉኝ። አድማጮች ሆይ፤ ለዚህ የሚሆን ጥሩ መልስ አለኝ ብዬ አልዋሻችሁም። መጀመሪያ ላይ የጠቀስሁት ባልደረባዬ ሣቅም ምንጩ ይኸው ነበር። ያን ጊዜ ማድረግ የቻልሁት ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ጎረቤት በሚሰማበት የወቀስኋቸውን ሰው ጎረቤት በሚሰማበት ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ሁለተኛ፣ ዶሮው በሚቀቀልበት ቀን ድስቱ ትልቁ ድስት እንዲሆንና ከውሻው በፊት ለእርሳቸው ምሳ እንዲወጣ በቤቴ አዘዝሁ። ይህ የደመወዛቸውን ማነስ አላስተካከለም፤ እርሱን ያስተካከልሁት ዘግይቼ፣ በሚቀጥለው ወር ነው።

ከዚያ በኋላ የመለወጡን ሥራ የመሩት እርሳቸው ናቸው። እኔ እንደ ልማዴ መዝገብ ከፍቼ፣ ቀን፣ መጠን፣ አስተያየት የሚል ሠንጠረዥ አስምሬ ነበር፤ ግን ጧት ወደ ሥራ ስለምሮጥ ሳልሞላው እቀራለሁ። እርሳቸው ፊደል አልቈጠሩም፤ ነገር ግን በጥበቃ ቤታቸው ግድግዳ ላይ በከሰል ምልክት ያደርጉ ነበር። ሰገራው ደኅና ከሆነ ቀጥ ያለ ሠረዝ፤ ከላላ ክብ። በየሦስት ቀኑ ምግብ ስንጨምር ደግሞ ከሥሩ ነጥብ። በዐሥራ አራተኛው ቀን አንድ ክብ መጣ፤ ወደ ኋላ ተመለስን። በሃያ ሁለተኛው ቀን ሁለት ክቦች ተከታተሉ፤ ሲጣራ የጎረቤት ልጅ በአጥር በኩል ብስኵት ይሰጠው ኖሯል፤ ልጁን ያባበሉት እርሳቸው ናቸው። ከዚያ ወዲህ ሠረዝ ብቻ ሆነ።

አዲሱ ምግብ ሙሉ በሙሉ ከተተካ በኋላ ሐኪሙን አንድ ነገር ጠየቅኋቸው፤ ውሻው ማታ ማታ ወደ ወጥ ቤቱ በር እየሄደ ቁጭ ይላልና፣ ጥቂት እንጀራ በመረቅ ብሰጠው ይጐዳዋል ወይ? «የዋናው ምግብ ዐሥረኛ እጅ እስካላለፈ ድረስ አይጐዳውም፤ የዋናውን መጠን በዚያው ልክ ይቀንሱ» አሉኝ። ተጨማሪ ነገር ሁሉ ከቀን ቀለቡ ከዐሥር አንድ እንዳይበልጥ የሚለው ልክ ለማናቸውም ውሻ ይሠራል። ስለዚህ መከታ አሁን ዐሥር ዓመት ሆኖት፣ ጧት ከከረጢቱ በሚዛን ይበላል፤ ማታም ያንኑ በልቶ፣ በላዩ የእጅ መዳፍ የምታህል እንጀራ ያለ ሽንኩርት በተቀቀለ መረቅ ርሳ ትሰጠዋለች። ድስቷን እኅቴ ከደብረ ብርሃን ላከችልኝ።

ባለፈው መስከረም ግቢውን ኖራ ስናስቀባ፣ ቀቢው የጥበቃ ቤቱን ግድግዳ ሊያጠፋው ሲል ዘበኛው ከለከሉት። ሠረዞቹ እስካሁን እዚያው አሉ።